የፀጉር ቤት ዋጋና የፀጉር ዓይነት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፀጉር ቤት ገብቶ «ያንቺ ፀጉር ይለያል፣ ትንሽ ትጨምሪያለሽ» መባልን ብዙ ሴቶች ያውቁታል። ማበጠሪያ ይዘን ከወንበሩ ጀርባ የምንቆመው ደግሞ አንዳንድ ፀጉር በእርግጥ እጅ እንደሚያዝልና ዕቃ እንደሚፈጅ እናውቃለን። ከሁለቱም ወገን ደጋግመው የሚደርሱኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ሕግ የጠቀስኩበት ቦታ ላይ የጻፍኩት ሕጉ የሚለውን ነው፤ የቀረው የእኔ አስተያየት ነው።

ለመሆኑ ፀጉር ቤት እንደ ፀጉሩ ዓይነት የተለያየ ዋጋ ማስከፈል አለበት?

የለበትም። እንደ ሥራው ግን ማስከፈል ይችላል፣ ይገባዋልም። ሥራ የሚለካው በሚወስደው ጊዜ፣ በሚፈጀው ዕቃና በሚጠይቀው ሙያ ነው። ፀጉሩ ከርዳዳ ወይም ሉጫ መሆኑ ብቻውን ከሦስቱ አንዱንም አይነግረንም።

ከርዳዳ ፀጉር ጊዜ ይወስዳል እኮ። ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

ደንበኛዋ ምን ለመሠራት እንደመጣች ሳይታወቅ ጊዜ ይወስዳል ወይም አይወስድም ማለት አይቻልም።

ፀጉር ሉጫ ወይም ጥቅልል የሚሆነው ከሚበቅልበት ቀዳዳ ቅርጽ የተነሣ ነው። ቀዳዳው ክብ ከሆነ ፀጉሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ጠፍጠፍና ጠመም ካለ እየተጠማዘዘ ይወጣል። የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ወዝ በቀጥተኛ ፀጉር ላይ እስከ ጫፍ ይወርዳል፤ በጥቅልሉ ላይ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ጥቅልል ፀጉር ቶሎ ይደርቃል፣ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ በደረቁ ሲበጠርም ይሰበራል።

አንዲት ደንበኛ ሹሩባዋን ከፈታች ሰንበትበት ብላ፣ ሳታበጥረው መጣች እንበል። ፀጉሯን አራት ቦታ ከፍሎ በክሊፕ መያዝ፣ አንዱን ክፍል በውኃና በኮንዲሽነር ማራስ፣ ከዚያ ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ ከጫፉ ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ወደ ሥሩ መውጣት ያስፈልጋል። ከሥሩ ጀምሮ ወደ ታች የሚጎትት ሰው ጊዜ ያተረፈ ይመስለዋል፤ ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ፀጉር ቢያይ ግን ምን እንዳደረገ ይገባዋል። አንዱ ክፍል ሲላቀቅ በላላ ጉንጉን ይታሰርና ወደ ሁለተኛው ይታለፋል። ይህ ሁሉ ገና ከመታጠቡ በፊት ነው። ከታጠበ በኋላ በፎን ይዘርጋ፣ በፒያስትራ ይተኮስ ከተባለ ሰዓቱ እንደ ዋዛ ያልፋል። እዚህ ላይ የሚጨመረው ገንዘብ ተገቢ ነው።

አሁን ደግሞ ወገቧ የሚደርስ ሉጫ ፀጉር ያላት ሴት ካስክ ልትገባ መጣች። ማበጠሩ ቀላል ነው። ቢጎዲን ለመጠቅለል ግን ከሌላዋ እጥፍ ቢጎዲንና እጥፍ ጊዜ ይጠይቃል፤ ካስኩም ሥር የምትቆየው መሐሉ እስኪደርቅ ድረስ ነው። ወንበሩንም፣ ካስኩንም፣ መብራቱንም ይዛለች። አጠገቧ የተቀመጠችው ባለ አጭር ከርዳዳ ፀጉር ሴት ተሠርታ፣ ከፍላ፣ ታክሲ ይዛ ሄዳለች።

ጊዜውን የሚወስነው በአብዛኛው ርዝመቱ፣ ብዛቱ፣ የመጣበት ሁኔታና የተጠየቀው አሠራር ነው። የፀጉሩ ዓይነት ጎልቶ የሚታየው ቀጥ አድርጉልኝ ሲባል ነው።

ዋጋው ለድካም ነው ወይስ ለአድልዎ? በምን ይለያል?

ሹሩባን ተመልከቱ። ከርዳዳ ፀጉር ሹሩባ ይይዛል፤ መስመሩ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ሲሰነብትም አይፈታም። ልስልስ ሉጫ ፀጉር ከጣት ያመልጣል፤ በየመሐሉ ማጥበቅ፣ ጫፉ እንዳይፈታ መላ መፈለግ ያስፈልጋል። በዚህ ሥራ አስቸጋሪው እሱ ነው፤ ሹሩባ የምትሠራ ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። እስከ ዛሬ ግን «ፀጉርሽ ሉጫ ስለሆነ ለሹሩባው መቶ ብር ጨምሪ» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። እንዲያውም «እንዴት ያምራል! በማን ወጥተሽ ነው?» እየተባለች ትሠራለች። ከርዳዳዋ ፎን ልትደረግ ስትመጣ ግን ገና ሻሿን ሳታወልቅ ዋጋ ይጨመርባታል። አስቸጋሪነት ዋጋ የሚያስጨምረው ለአንዱ ወገን ብቻ ከሆነ፣ እየተከፈለ ያለው ለድካም አይደለም።

ሁለተኛው ማሳያ ወንዶች ፀጉር ቤት ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ዋጋ ለአዋቂ፣ ለሕፃን፣ ለጺም ተብሎ ይከፋፈል እንደሆነ እንጂ ለከርዳዳና ለሉጫ ተብሎ አይከፋፈልም። ጎፈሬ በማበጠሪያ እያነሡ ዙሪያውን ማክበብ ራስን በቶንዶስ ሙልጭ ከማድረግ ብዙ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ ሒሳቡ ግን በብዙ ቤት ያው ነው። ወንዶቹ ተጣልተውበት አያውቁም። የሴቶቹ ቤት ያልቻለው ለምንድን ነው? የእኔ ግምት፣ የሴት ፀጉር «ጥሩ» እና «መጥፎ» እየተባለ ከሕፃንነት ጀምሮ ሲመዘን ስለኖረ፣ ዋጋ ስናወጣም ያንኑ ሚዛን ይዘን እንገባለን።

3ቢ፣ 4ሲ የሚባለውን የፀጉር አከፋፈል ለዋጋ መጠቀም ይቻላል?

አይመችም። ይህ ከ1 እስከ 4 የሚሄድ አከፋፈል የኦፕራ ዊንፍሬይ ፀጉር ሠሪ የነበረው አንድሬ ዎከር በ1990ዎቹ ያስተዋወቀው ነው፤ 1 ቀጥተኛው፣ 4 በጣም የተጠቀለለው ነው፤ ፊደሎቹ በየቁጥሩ ውስጥ ያለውን ልዩነት ያመለክታሉ። ቅባትና ኮንዲሽነር ለመምረጥ ይረዳል። ስለ ርዝመትና ስለ ብዛት ግን ምንም አይልም። ደግሞም ብዙ ሰው ከግንባሩ አንድ ዓይነት፣ ከማጅራቱ ሌላ ዓይነት ፀጉር አለው። የትኛውን እናስከፍለው?

ከታጠብኩ በኋላ «ፀጉርሽ ብዙ ነው» ተብሎ ዋጋ ተጨመረብኝ። መብቴ ምንድን ነው?

በኢትዮጵያ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብ የመጠበቅ መብት እንዳለውም ይደነግጋል። ስለ ፀጉር ዓይነት በተለይ የሚለው የለም። ግድግዳው ላይ 300 ብር ተለጥፎ መጨረሻ ላይ 500 ከተጠየቁና በመሐል ማንም ምንም ካልነገርዎ ግን የተለጠፈውን ዋጋ ጠቅሰው መከራከር ይችላሉ፤ ካልሆነም ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይቻላል። ለ200 ብር ወረዳ የሚመላለስ ሰው ጥቂት መሆኑን ባለቤቶቹም ያውቁታል።

ስለዚህ ዋናው ነገር ዋጋው የሚነገርበት ሰዓት ነው። ራሷ ረጥቦ፣ ፎጣ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ የተቀመጠች ሴት ተነሥታ አትሄድም፤ አንዳንድ ቤት ዋጋው የሚነገረው ሆን ተብሎ በዚያ ሰዓት ነው። ገንዳው ጋ ከመቀመጥዎ በፊት ፀጉርዎን ፈትተው ያሳዩ፣ የሚፈልጉትን ይናገሩ፣ «ጠቅላላው ስንት ይሆናል? ከዚህ ሊጨምር የሚችል ነገር አለ?» ብለው ይጠይቁ። ይህን ጥያቄ በቅንነት የማይመልስ ቤት ሲጨርስም ቅን አይሆንም።

የፀጉር ቤት ባለቤት ነኝ። እንዴት ዋጋ ላውጣ?

በመጀመሪያ አንድ ወንበር በሰዓት ምን ያህል እንደሚያስወጣዎ ይወቁ። ኪራይ፣ ደመወዝ ወይም ፐርሰንት፣ መብራት፣ ውኃ፤ ውኃ በጠፋ ቀን በጀሪካን የሚገዛውም ይቆጠራል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ሻምፑ፣ ኮንዲሽነርና ትሪትመንት ስለተወደደ ዕቃውን በዓይን ግምት መጨለፍ ያከስራል። በስፍር ያድርጉት።

ከዚያ መነሻ ዋጋ ያውጡና ምን ምን እንደሚያካትት ይጻፉ። ለስሌቱ እንዲመች ብቻ፣ መታጠብና ካስክ 300 ብር ነው፤ ይህም እስከ 60 ደቂቃ የእጅ ሥራና አንድ ስፍር ኮንዲሽነር ያካትታል እንበል። ከዚያ በላይ ለሚሄድ ለእያንዳንዱ 15 ደቂቃ 60 ብር፣ ለተጨማሪ ስፍር ኮንዲሽነር 40 ብር። የተያያዘ ፀጉር ይዛ መጥታ ለማላቀቅ 30 ደቂቃና አንድ ተጨማሪ ኮንዲሽነር የፈለገች ደንበኛ 460 ብር ትከፍላለች። ወገቧ የሚደርሰውን ሉጫ ለመጠቅለል 30 ደቂቃ የተጨመረላት 420 ብር ትከፍላለች። አጭር ከርዳዳ ፀጉሯን አበጥራ የመጣችው 300 ብር ከፍላ ትሄዳለች። ማንም ስለ ማንም ፀጉር ክፉ ቃል አልተናገረም።

ሰሌዳው ላይ «ለአስቸጋሪ ፀጉር» ብለው አይጻፉ። ሥራውን ይጻፉ፦ ማላቀቅ፣ ከትከሻ በታች፣ ከወገብ በታች፣ ተጨማሪ ትሪትመንት። ደንበኛዋ ስትገባ ሁለት ደቂቃ ወስደው ፀጉሯን በደረቁ ይዳስሱ፣ ጊዜውን ይገምቱ፣ ዋጋውን ይንገሯት። ግምትዎ ከእውነተኛው ጊዜ ካነሰ የነገሯትን ዋጋ ያክብሩ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያስተካክሉታል። ሰዓቱን ለጥቂት ሳምንት በደብተር የያዘ ቤት ግምቱ ትክክል እየሆነ ይሄዳል፤ ጊዜ ይፈጃሉ ብሎ ያሰባቸው ደንበኞች ሌሎች ሆነው ሲገኙም ይገረማል።

ፀጉር ሠሪዋ የእኔን ዓይነት ፀጉር ስላልለመደች ብትዘገይስ? ለመዘግየቷ ልክፈል?

አይክፈሉ። «በጊዜ እናስከፍል» የሚለው ሐሳብ ትልቁ ቀዳዳ ይኸው ነው። መለኪያው ሥራውን የሚያውቅ ሰው የሚወስድበት ጊዜ ነው፤ ለማጅ የምትማርበትን ሰዓት ቤቱ ይሸፍን።

ይህ ጉዳይ በአሜሪካ ረጅም ታሪክ አለው። የውበት ሙያ ሥልጠናውም የፈቃድ ፈተናውም ሲሰናዳ የኖረው በቀጥተኛ ፀጉር ላይ ነው። ፈቃድ ይዞ የሚወጣ ባለሙያ የጥቁር ሴትን ፀጉር ነክቶ ላያውቅ ይችላል፤ ደንበኛዋ ስትመጣ ወይ «አንሠራም» ይላታል፣ ወይ ያስጨምራታል። ሉዊዚያና እ.ኤ.አ. በ2021 ጥቅልል ፀጉር በፈቃድ ፈተናው ውስጥ እንዲካተት አደረገች፤ ኒው ዮርክ በ2023 የውበት ትምህርት ቤቶች ሁሉንም ዓይነት ፀጉር እንዲያስተምሩ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። በብሪታንያም የሙያው ብሔራዊ ደረጃ በ2021 በዚሁ መንገድ ተሻሽሏል። ዋጋን ለማስተካከል ከሠልጣኙ መጀመራቸው ትክክል ነው።

በእኛ ሀገር ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። ባለሙያዋም ደንበኛዋም ብዙ ጊዜ ጥቅልል ፀጉር ያላቸው ናቸው፤ የሙያው ኩራት ግን መዘርጋት ላይ ነው። ፍሪዟን (የተፈጥሮ ጥቅልል ፀጉሯን) እንዳለ አስይዛ መውጣት የምትፈልግ ሴት አዲስ አበባ ውስጥ ወንበሩ ላይ ሳትደላደል ፎን ይሰካላታል። ቀጥ አድርጉልኝ ያላለች ሴት ቀጥ ለማድረግ በሚወስደው ጊዜ መገመት የለባትም። «ፀጉርሽ ብዙ ሥራ አለው» ሲባሉ «ምን ልታደርጊው አስበሽ ነው?» ብለው ይጠይቁ። አንዳንዴ ሥራው ከናካቴው ያልተጠየቀ ሆኖ ይገኛል።

ሁሉም አንድ ዋጋ ቢከፍልስ? ፍትሐዊ አይሆንም?

ለአስተዳደር ይቀላል፣ ለአንዳንድ ሥራም ይሠራል፤ የወንዶቹን ቤት አይተናል። ሰፊ የጊዜ ልዩነት ባለበት ሥራ ላይ ግን ቀላል ፀጉር ያላት የሌላዋን ወጪ ትሸፍናለች፣ ወይም ባለቤቱ ጊዜ የሚወስድባትን ደንበኛ «ዛሬ ሞልቷል» እያለ መመለስ ይጀምራል። ሁለተኛው ከተጨማሪ ክፍያ የከፋ ነው፤ ምክንያቱን አትነገርም፣ ልትከራከርበትም አትችልም።

የምኖረው አሜሪካ ነው። በፀጉር ዓይነት ዋጋ መለየት እዚህ ሕጋዊ ነው?

በፌዴራል ደረጃ ለዚህ ብቻ የወጣ ሕግ የለም። ነገር ግን ከእርስ በርስ ጦርነቱ ማግስት፣ በ1866፣ የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ በውል ጉዳይ በዘር ማዳላትን ይከለክላል፤ ፀጉር ለመሠራት ተስማምቶ መክፈልም ውል ነው። ፀጉሯን እንኳ ሳያይ ጥቁር በመሆኗ ብቻ የሚያስጨምር ቤት ራሱን ለክስ ያጋልጣል። ርዝመቱንና ብዛቱን አይቶ፣ ለሁሉም በአንድ መለኪያ የሚያስከፍል ቤት ግን በዚህ ሕግ ለመክሰስ ያስቸግራል።

ካሊፎርኒያ ለንግድ ቤቶች አድልዎ የሚከለክለውን አንሩህ የተባለ ሕጓን በ1959 አውጥታለች፤ በ1995 ደግሞ ለአንድ ዓይነት አገልግሎት ወንድና ሴትን የተለያየ ዋጋ ማስከፈልን የሚከለክል ድንጋጌ ጨመረች። ይኸው ድንጋጌ ልዩነቱ በጊዜ፣ በሥራው አስቸጋሪነት ወይም በወጪ የመጣ ከሆነ ይፈቅዳል። የተጻፈው ለጾታ ነው፤ ለፀጉር ዓይነትም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ቀመር አላየሁም።

የእኛ ሰው በብዛት በሚገኝበት በዋሽንግተን ዲሲ የ1977ቱ የሰብዓዊ መብቶች ሕግ በግል ገጽታ ምክንያት ማዳላትን ይከለክላል፤ የግል ገጽታን ሲተረጉምም የፀጉር አሠራርን በስም ይጠቅሳል። ክራውን አክት በመባል የሚታወቀው ሕግ፣ በ2019 በካሊፎርኒያ ተጀምሮ በ2020 ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የደረሰው፣ በዋናነት የተነሣው ሹሩባና ድሬድ የሚሠሩ ሰዎች ከሥራና ከትምህርት ቤት እንዳይባረሩ ነው፤ የዋጋ ሰሌዳ ለመቆጣጠር የወጣ አይደለም።

እስራኤል ላላችሁ፣ እዚያም እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ሕግ አገልግሎት ሰጪዎች በዘርና በትውልድ ምክንያት እንዳያዳሉ ይከለክላል።

የሙሽራ፣ የዲያስፖራና የበዓል ዋዜማ ዋጋስ?

የበዓል ዋዜማ ዋጋ አስቀድሞ ከተለጠፈ አይከፋኝም፤ ሠራተኞቹም እስከ ሌሊት ቆመው ነው የሚሠሩት። የሙሽራም ቢሆን የሙከራ ቀን፣ ቤት ድረስ መሄድ፣ በሌሊት መነሣት ስላለው ከፍ ቢል ያስኬዳል፤ «ሙሽራ» የሚለውን ቃል ስለሰሙ ብቻ በሦስት ሲባዛ ግን ሌላ ነገር ነው። የጥር ሰርግ የደገሰ ሁሉ ያውቀዋል። የዲያስፖራ ዋጋ የሚባለው ከሁሉም የባሰ ነው፤ ፀጉሯን ትተው ቦርሳዋንና አነጋገሯን አይተው የሚያወጡት ዋጋ ነው።

የልጄን ፀጉር ለማሠራት ስሄድ «ያስቸግራል» እያሉ ያስጨምሩኛል።

ስለ ገንዘቡ ከላይ ያለው ሁሉ ለልጅም ይሠራል። አንድ ነገር ልጨምር። ወንበሩ ላይ ትራስ ተደርጎላት የተቀመጠችው የአምስት ዓመት ልጅ የምትሰማውን ትረዳለች። ዋጋውን ከልጅቷ ራቅ ብለው ይነጋገሩ፤ ፀጉር ሠሪዋ በልጅቷ ፊት ማማረር ከጀመረች በቀስታ «እህቴ፣ እሱን ለእኔ ንገሪኝ» ይበሏት። ካልተወች ልጅዎን ይዘው ይውጡ።

ቤቴ ታጥቤና አበጥሬ ብሄድ ይቀንሱልኛል?

ሊቀንሱ ይገባል፤ አንዳንድ ቤቶችም ይቀንሳሉ። ከመሄድዎ በፊት ደውለው ይጠይቁ። የማይቀንሱት ብዙዎቹ የሚሉት፣ ታጥቦ ቅባት የተቀባ ፀጉር ለፒያስትራ አይመችም፣ እንደገና መታጠቡ አይቀርም ነው፤ ይህ ለፒያስትራ እውነትነት አለው፣ ለሹሩባ ግን ምክንያት አይሆንም። ባያጥቡትም እንኳ ማላቀቁን ቤትዎ መጨረስ ትልቁን ተጨማሪ ሒሳብ ያስቀራል። ከመተኛትዎ በፊት ጥቂት ቅባት ነክተው በላላ ጉንጉን ካሰሩት ጠዋት የሚቀረው ሥራ ትንሽ ነው።

በጊዜ ማስከፈሉ ለሠራተኛዋ ምን ይጠቅማታል?

ብዙ ፀጉር ሠሪዎች የሚሠሩት በፐርሰንት ነው። ቤቱ ለሦስት ሰዓትም ለአንድ ሰዓትም ሥራ አንድ ዋጋ ከተቀበለ፣ ረጅሙ ሥራ የደረሳት ልጅ በዚያ ቀን ከጓደኞቿ ያነሰ ይዛ ትገባለች። አንዳንድ ደንበኞች ላይ የሚታየው ፊት መጥቆርና ጉተታ ከዚህም ይመነጫል፤ ደንበኛዋ ፀጉሯ የተጠላ ይመስላታል፣ ልጅቷ ግን የምታሰላው ኪራይዋን ነው። በጊዜ የሚያስከፍል ቤት ፐርሰንቱንም በጊዜው ካሰላ ችግሩ ይቃለላል። ባለቤቱ ጭማሪውን ለብቻው ከያዘው ግን ምንም አልተለወጠም፤ ሠራተኛዋ ስትቀጠር ልትጠይቀው የሚገባ ነገር ነው።

ጉርሻ የዚህ ምትክ አይደለም። ከሰጡ ግን ያጠበችዎትንም ልጅ ያስቡ፤ በብዙ ቤት አጣቢዋ ፐርሰንት የላትም። በእጇ ይስጧት፤ ሒሳብ መቀበያው ላይ የተተወ ጉርሻ ሁልጊዜ ገንዳው ጋ አይደርስም።